ትእዛዝ ፍርድ አይደለም፤ በመቱ ችሎት የሚጻፈውን ስለ ማንበብ

በሐምሌ ወር ፈተና ተጠናቆ ወደ ኢሉባቦር የምንመለስ ተማሪዎች ሁሉ የምናውቀው አንድ ሥራ አለ። ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥና ቡናው ሳይፈላ፣ ከጎረቤት አንድ ሰው የታጠፈ ወረቀት በእጁ ይዞ ይገባል። «እናንተ የዩኒቨርስቲ ልጆች ናችሁ፤ እስቲ ይኸን አንብቡልን» ይለናል። ወረቀቱ ማኅተም አለው፤ የመዝገብ ቁጥር አለው፤ ከዚያ በታች ያለው ጽሑፍ ከአምስት መሥመር አይበልጥም። ማንበቡንስ እናነበዋለን። «ታዲያ ምን ይላል?» ተብለን ስንጠየቅ ግን አንዳችን የሌላችንን ፊት እናያለን። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ ስለ ግጥምና ስለ ታሪክ ብንጠየቅ ብዙ እንላለን፤ ስለ አንድ የቀጠሮ ትእዛዝ ግን ከባላገሩ የምንሻልበት ነገር የለንም። ይኸን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣነው በዚሁ ምክንያት ነው። የሕግ ፋኩልቲ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን የሚስቁበት ነገር ቢያገኙብን በሚቀጥለው እትም ያርሙን።

ባለፈው ክረምት ወደ እኛ የመጡት ከሁሩሙ ወዲህ ካለ ቀበሌ የተነሡ አንድ ኦቦ ናቸው። ስማቸውን መጻፍ አያስፈልግም። ነገሩ የማር ነገር ነው። ነዋሪነቱ በጋምቤላ የሆነ አንድ ነጋዴ ማር እንዲያቀርቡለት 40,000 ብር ቀብድ ሰጥቷቸው ነበር። በዚያ ዓመት ዝናቡ ያለ ወቅቱ መጣና ቀፎው ባዶ ሆነ፤ ማሩም አልቀረበ፣ ገንዘቡም አልተመለሰ። ነጋዴው ከሰሰ። መጥሪያው በሚያዝያ ወር ሲመጣ ኦቦ በወባ ተኝተው ነበር፤ ልጃቸው ፈርሞ ተቀበለና ወረቀቱን ሣጥን ውስጥ አኖረው። በሰኔ ሁለተኛ ወረቀት ደረሳቸው። ለእኛ ያመጡት ይኸኛውን ነው። በአፋን ኦሮሞ የተጻፈው ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፤ «ከሳሽ ቀርበዋል። ተከሳሽ መጥሪያ ደርሷቸው አልቀረቡም። በፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ. 70(ሀ) መሠረት ጉዳዩ ተከሳሽ በሌሉበት ይታያል። የከሳሽን ምስክሮች ለመስማት ለጥቅምት 19 ተቀጥሯል።»

ኦቦ ይኸንኑ አስቀድመው በሌላ ሰው አስነብበው ስለ ነበር፣ ከአምስቱ መሥመር ውስጥ በልባቸው የቀረው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «በሌሉበት» የሚለው። «በሌለሁበት ተፈረደብኝ» ብለው ሁለቱን በሬዎቻቸውን ለመሸጥ ከአንድ ሰው ጋር ቃል ተለዋውጠው ነበር። በሬ የሌለው ገበሬ የሚቀጥለውን ዓመት እንዴት እንደሚያልፈው ለአገራችን ልጆች ማስረዳት አይገባንም። ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ካነበብን በኋላ ከመካከላችን አንዱ «ኦቦ፣ ይኸ እኮ ፍርድ አይደለም፤ ገና ማንም አልፈረደብዎትም» አላቸው። አላመኑንም። እኛም ብንሆን በዚያች ሰዓት እርግጠኞች አልነበርንም፤ ሕጉን ፈልገን ያነበብነው ከዚያ በኋላ ነው።

ፍርድ ቤት በአንድ መዝገብ ላይ ከሚጽፈው አብዛኛው ፍርድ አይደለም፤ ሥራውን የሚያስኬድ ትእዛዝ ነው። ፍርድ የሚነበበው አንድ ቀን ሲሆን፣ ከዚያ ቀን በፊት «መጥሪያ ይድረስ»፣ «መልስ ይዘው ይቅረቡ»፣ «ማስረጃው ይምጣ»፣ «መዝገቡን መርምሮ ብይን ለመስጠት ተቀጥሯል» የሚሉ ወረቀቶች አንዱ በሌላው ላይ ይከመራሉ። ከእነዚህ ውስጥ ማንኛቸውም ቢሆኑ ማን እንደ ረታ ወይም ማን እንደ ተረታ አይናገሩም። ነገር ግን እያንዳንዳቸው ቀን አላቸው፤ ሰውም ብዙ ጊዜ መብቱን የሚያጣው በፍርዱ ቀን ሳይሆን በእነዚህ ቀኖች ነው። ስለዚህ የተዘጋጀ ሰው ወረቀቱን ሲቀበል አስቀድሞ መመልከት ያለበት ትእዛዙ ማንን እንደሚያዝ፣ ምን እንዲያደርግ እንደሚያዝና እስከ መቼ እንደሚያዝ ነው። በመካከሉ ደግሞ «ብይን» የሚባል አለ፤ ይኸውም ዳኛው በክርክሩ መንገድ ላይ የተነሣን አንድ ጥያቄ መርምሮ የሚሰጠው መልስ ነው። አንዳንድ ጊዜ ብይን መዝገቡን እስከ መዝጋት ይደርሳል፤ ብዙ ጊዜ ግን ክርክሩ እንዲቀጥል ያደርጋል።

ባላገሩን ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራው ያ በእዝባር የተቆራረጠ የፊደል ሰንሰለት ይመስለናል። «ፍ/ብ/ሥ/ሥ/ሕ/ቁ» ሲፈታ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር ማለት ብቻ ነው። ምንም ዓይነት ቅጣት አልያዘም። አንድ አዛውንት «ይኸ ሁሉ ፊደል የተደረደረብኝ ምን አጥፍቼ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ሰምተን ሳቅንባቸው፤ በኋላ ግን እኛም ስንጠየቅ «ሥ»ው ለምን ሁለት ጊዜ እንደ ተጻፈ ወዲያው መመለስ አቅቶን ነበር።

ሕጉ ራሱ የወጣው በድንጋጌ ቁጥር 52፣ በመስከረም 28 ቀን 1958 ዓ.ም. ነው። በዚያን ዘመን ፓርላማው ባልተሰበሰበበት ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ የሚያወጡት ሕግ ድንጋጌ ይባል ነበር። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ራሱ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1952 ዓ.ም. የታወጀና በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ የተረቀቀ ሲሆን፣ የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን የተዘጋጀው እዚሁ በፍርድ ሚኒስቴር ነው፤ ብዙውንም ነገር የወሰደው ከሕንድ የሥነ ሥርዓት ሕግ ነው። ሕጉ ሲወጣ የሚያውቃቸው ፍርድ ቤቶች የወረዳ ግዛት፣ የአውራጃ ግዛትና ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ዘውዱ ወርዷል፤ ደርግ መጥቶ ሄዷል፤ ጠቅላይ ግዛቶች ቀርተው ክልሎች ቆመዋል፤ የጥንቱ ኢሉባቦር ጋምቤላን ጨምሮ ይዞት የነበረው አገርም ተከፋፍሏል። የሥነ ሥርዓቱ ሕግ ግን አንዳንድ ቦታ ቢሻሻልም እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ነው። የዛሬው ዳኛ በመቱ ተቀምጦ በትእዛዙ ላይ የሚጠቅሰው ቁጥር አያቶቻችን በጎሬ ሲከራከሩ ይጠቀስ የነበረው ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ «የማር ቀብድ ክርክር የፌዴራል ጉዳይ የሚሆነው በምን መንገድ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኛም ጠይቀናል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን መጀመሪያ በአዋጅ ቁጥር 25/1988፣ ኋላም እርሱን በተካው በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 ተወስኗል። የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ተከራካሪ የሆነበት ጉዳይ፣ ነዋሪነታቸው በልዩ ልዩ ክልሎች በሆነ ሰዎች መካከል የሚነሣ ክርክር፣ የቼክና የመሳሰለው ሰነድ ጉዳይ፣ እነዚህ ሁሉ የፌዴራል ናቸው። ከሳሹ የጋምቤላ፣ ተከሳሹ የኦሮሚያ ነዋሪ በመሆናቸው የኦቦ የማር ነገር ሳይታሰብ የፌዴራል ጉዳይ ሆነ።

ነገር ግን በመቱ የፌዴራል ፍርድ ቤት የሚል ሰሌዳ ፈልጎ የሚዞር ሰው አያገኝም። ምክንያቱም በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 80 የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በራሱ ሥልጣን ላይ የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ እንዲሠራ፣ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛውን ፍርድ ቤት ሥልጣን እንዲይዝ አድርጓል። ይኸ ውክልና ይባላል። ስለዚህ በመቱ ያለው የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጠዋት የክልል ዳኛ ሆኖ ውሎ ከሰዓት በኋላ በዚያው ወንበር የፌዴራል ዳኛ ሊሆን ይችላል። ቁልቁል ወደ ባሮ የወረደ ሰው ሌላ ነገር ያገኛል፤ በ1995 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋምባቸው ከተደረጉት አምስት ክልሎች አንዱ ጋምቤላ ነው። ዱሮ አንድ ጠቅላይ ግዛት የነበረው አገር በዚህ ረገድ ሁለት መንገድ ይሄዳል ማለት ነው። ይኸ ሁሉ ለባለጉዳዩ የሚጠቅመው ይግባኝ ወዴት እንደሚባል ለማወቅ ነው፤ የፌዴራል ጉዳይ ሆኖ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታየ ክርክር በይግባኝ ወደ ኦሮሚያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በፌዴራል ጉዳይ ላይ የሰጠው ውሳኔ ደግሞ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ ይባልበታል።

ስለ ቋንቋውም አንድ ቃል እንበል። በኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራው ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለ ሆነ መጥሪያው «ዋሚቻ»፣ መዝገቡ «ገልሜ»፣ ቀጠሮው «ቤላማ»፣ ትእዛዙ «አጀጃ»፣ ፍርዱ ደግሞ «ሙርቲ» ነው። ከእኛ መካከል በአማርኛ ብቻ የተማሩ ልጆች በቤታቸው ኦሮምኛ እየተናገሩ እነዚህን ቃላት በወረቀት ላይ ሲያዩ ይደነግጣሉ። «አጀጃ» እና «ሙርቲ» የሚሉትን ሁለቱን ለይቶ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ እንግባ። የመጀመሪያው የክስ ማመልከቻ ነው። ከሳሹ ማን እንደ ሆነ፣ ተከሳሹ ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንደ ተደረገ፣ ምን እንዲወሰንለት እንደሚፈልግ ይጻፍበታል፤ የምስክሮቹና የሰነዶቹ ዝርዝርም ይያያዛል። ሕጉ ፍሬ ነገሩ ባጭሩ ይጻፍ ይላል። በፍርድ ቤቱ በር አካባቢ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሚጽፉት ራፖር ጸሐፊዎች ግን ይኸን ምክር ሁልጊዜ አይወዱትም፤ ገጹ ሲበዛ ዋጋውም ይበዛልና። ለክሱ የዳኝነት ገንዘብ ይከፈላል፤ መክፈል የማይችል ሰው በደሀ ደንብ ለመክሰስ እንዲፈቀድለት ማመልከት ይችላል። ይኸን የሚያውቁ ሰዎች ቁጥር እኛ ባየነው አካባቢ ከሚገባው እጅግ ያነሰ ነው።

ዳኛው ክሱን ተቀብሎ የሚሰጠው ትእዛዝ ብዙ ጊዜ አንድ መሥመር ነው፤ «ክሱ ከነአባሪው ለተከሳሽ ይድረስ፤ መልሳቸውን ይዘው በዚህ ቀን ይቅረቡ።» ይኸ ዳኛው ከሳሹን አምኗል ማለት አይደለም። ክሱ ለመታየት ይበቃል ማለት ብቻ ነው። በአገራችን ግን መጥሪያ የደረሰው ሰው ፊት ይጠቁራል፤ ጎረቤትም «ተከሰሰ» ሳይሆን «ተያዘ» ብሎ ያወራበታል። አንዳንዱም መጥሪያውን አልቀበልም ብሎ በመሸሽ ነገሩን ያቆመው ይመስለዋል። አያቆመውም። ተከሳሹ ሊገኝ ካልቻለ ፍርድ ቤቱ በቁጥር 105 መሠረት መጥሪያው በቤቱ ደጃፍ ወይም በሌላ መንገድ እንዲለጠፍ፣ አልፎም በጋዜጣ እንዲጠራ ሊያዝ ይችላል። ዲዱ ወይም ኖኖ ሰሌ ጫካ ውስጥ ላለ ቡና ለቃሚ በጋዜጣ መጠራት ምን ያህል መጠራት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረደው፤ ሕጉ ግን በዚያም ቢሆን እንደ ተጠራ ይቆጥረዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመከላከያ መልስ ነው። እኛ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ ሆኖ ያገኘነው ይኸን ወረቀት ነው። በጥንቱ ሙግት፣ በበላ ልበልሃ ዘመን፣ ተሟጋቹ ኩታውን አጣፍቶ በአደባባይ ይቆማል፤ በአንደበቱና በምሳሌው የዳኛውንም የታዳሚውንም ልብ ይማርካል፤ ቃል ያመለጠው ቢሆን እንኳ በሚቀጥለው ቃል ይመልሰዋል። ራስ ተሰማ ናደው በጎሬ ተቀምጠው ኢሉባቦርን ሲገዙ ሙግት የነበረው በቃል ነው። የዛሬው ሙግት ግን መጀመሪያ በወረቀት ነው። በሕጉ ቁጥር 83 እንደ ተጻፈው፣ በክሱ ውስጥ ከተነገሩት ነገሮች ተከሳሹ ለይቶ ያልካደው እንዳመነው ይቆጠራል። «ክሱ ሐሰት ነው፤ ይሰረዝልኝ» ብሎ በደፈናው መካድ አይበቃም። ቀብዱን ተቀብያለሁ ወይም አልተቀበልሁም፤ ይኸን ያህል መልሻለሁ ወይም አልመለስሁም፤ ማሩ የጠፋው በዚህ ምክንያት ነው እያለ አንድ በአንድ መመለስ አለበት። አንደበተ ርቱዕ የሆኑት የአገራችን ሽማግሌዎች በችሎት ፊት ሊናገሩት ያዘጋጁት ቃል ሁሉ፣ በመልሱ ላይ ካልሰፈረ፣ በቀጠሮው ቀን ሊያነሡት ሲሉ «ይኸ በመልስዎ ላይ የለም» የሚል ነገር ይገጥማቸዋል። ተከሳሹም በበኩሉ ከከሳሹ የሚጠይቀው ነገር ካለው በዚሁ መልስ ላይ የተከሳሽ ከሳሽነት ማቅረብ ይችላል።

በመልሱ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ የሚባለው ይገባል። ቁጥር 244 ይዘረዝራቸዋል፤ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም፣ ነገሩ ቀድሞ ፍርድ ያረፈበት ነው፣ በሌላ ፍርድ ቤት በመታየት ላይ ነው፣ በይርጋ ታግዷል፣ በግልግል ዳኛ እንዲታይ ተስማምተናል፣ የመሳሰሉት ናቸው። መቃወሚያ በጊዜው ካልተነሣ እንደ ተተወ ይቆጠራል። በእነዚህ ላይ የሚሰጠው መልስ ብይን ነው። «መቃወሚያው ውድቅ ሆኗል» የሚል ብይን የደረሰው ተከሳሽ ተረታሁ ብሎ እንዳይሄድ፤ ክርክሩ ገና አሁን መጀመሩ ነው። ከዚያ በኋላ ዳኛው ጭብጥ ይይዛል። ጭብጥ ማለት አንዱ ያለውን ሌላው የካደው፣ ስለዚህም በማስረጃ መለየት ያለበት ነጥብ ነው። በማሩ ነገር ጭብጡ «ቀብድ ተሰጥቷል ወይስ አልተሰጠም?» ሊሆን ይችል ነበር፤ ኦቦ ግን ቀብዱን አልካዱም። ያልተካደ ነገር ምስክር አያስፈልገውም።

ስለ ቀጠሮ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። ከቢሎ ኖጳ ወይም ከዳሪሙ በእግርና በመኪና ተጉዞ መቱ አድሮ ጠዋት በሩ ላይ የቆመ ሰው «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ሲባል የሚያወጣውን ገንዘብና የሚሰማውን ብስጭት ሁላችንም ቤተሰብ ውስጥ አይተነዋል። ሕጉ ቀጠሮ የሚለወጠው በበቂ ምክንያት ነው ይላል፤ ምክንያቱ በቂ ነው አይደለም የሚለውን የሚያየው ግን ዳኛው ነው። እኛ የምንመክረው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ ከችሎት ከመውጣት በፊት የተቀጠረበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የተቀጠረበትን ምክንያትም መጻፍ። «ለምስክር» የተቀጠረውን «ለፍርድ» መስሎት ምስክሮቹን ሳያመጣ የቀረበ ሰው እናውቃለን።

ተከራካሪ ሳይቀርብ ሲቀር የሚጻፉት ትእዛዞች ደግሞ ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ከሳሹም ተከሳሹም ከቀሩ መዝገቡ ይዘጋል፤ ከሳሹ እንደ አዲስ ክስ ሊያቀርብ ይችላል። ከሳሹ ቀርቶ ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን ከካደ ግን ክሱ ውድቅ ይሆናል፤ ከሳሹ በዚያው ምክንያት እንደ ገና መክሰስ አይችልም፤ ያለው መንገድ የቀረበትን በቂ ምክንያት አስረድቶ በአንድ ወር ውስጥ ትእዛዙ እንዲነሣለት ማመልከት ነው። ሁለቱም ወረቀቶች የሚደመደሙት «መዝገቡ ተዘግቶ ወደ መዝገብ ቤት ተመልሷል» በሚል ዓረፍተ ነገር ስለ ሆነ ልዩነቱ ለማያውቅ ሰው አይታይም። ተከሳሹ ሲቀር ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው መጥሪያው በደንብ ደርሶታል ወይ የሚለው ነው። ካልደረሰው ሌላ መጥሪያ ይላካል፤ ዘግይቶ ከደረሰው ቀጠሮው ይለወጣል፤ በደንብ ደርሶት ከቀረ ክሱ በሌለበት ይታያል። የኦቦ ወረቀት ይኸኛው ነው። እንዲህም ሆኖ በሩ አልተዘጋም። በሚቀጥለው ቀጠሮ ቀርቦ አስቀድሞ ያልቀረበበትን በቂ ምክንያት ያስረዳ ተከሳሽ እንዲከራከር ሊፈቀድለት ይችላል። ያም አልፎ በሌለበት ፍርድ የተሰጠበት ሰው፣ መጥሪያው በደንብ አለመድረሱን ወይም በቂ እክል የገጠመው መሆኑን አሳይቶ፣ ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት በቁጥር 78 ማመልከት ይችላል። አንድ ወር ማለት ለተማሪ ረጅም ጊዜ ነው። ወረቀቱን በሣጥን ውስጥ ለሚያኖር ቤተሰብ ግን አንድ ሌሊት ነው።

ስለ ቼክ የሚነሣው ክስ በዚህ መንገድ አይሄድም። በደሌም ሆነ መቱ የቡና ነጋዴ ነኝ የሚል ሁሉ ይኸን ቢያውቅ መልካም ነው። በቁጥር 284 መሠረት በቼክ ወይም ልኩ በታወቀ የውል ገንዘብ ላይ ከሳሹ በአጭር ሥነ ሥርዓት ሊከስ ይችላል። እንዲህ ሲሆን ተከሳሹ መልስ ይዞ መቅረብ አይበቃውም፤ አስቀድሞ በቃለ መሐላ አስደግፎ እንዲከላከል ፈቃድ መጠየቅ አለበት። ፈቃድ ካልጠየቀ ወይም ካልተፈቀደለት ወዲያውኑ ይፈረድበታል። የዕግድ ትእዛዝም ሌላ ነው። በክርክር ላይ ያለው ቡና ወይም ቤት እስኪፈረድ ድረስ እንዳይሸጥ ወይም እንዳይጠፋ በቁጥር 154 ሊታገድ ይችላል፤ ዕግድ ያወጣ ሰው ግን ንብረቱ የእርሱ ነው ማለት አይደለም። በገበያ ቀን «አሳገድሁት» ብሎ እንደ ረታ ሰው የሚጋብዝ አይተናል። ግብዣውን በልተናል፤ ፍርዱን ግን ገና አልሰማንም።

ይግባኝን በሚመለከት ትእዛዝንና ፍርድን መለየት የሚጠቅመው በግልጽ ይታያል። በቁጥር 320 መሠረት ቀጠሮ በመለወጥ፣ መቃወሚያን ባለመቀበል፣ ማስረጃን በመቀበል ወይም ባለመቀበል በመሳሰለው የመካከል ትእዛዝ ላይ ወዲያውኑ ይግባኝ ማለት አይቻልም። ቅሬታው ተይዞ የመጨረሻው ፍርድ ሲሰጥ ከይግባኙ ጋር አብሮ ይነሣል። ይኸን ባለማወቅ በአንድ የቀጠሮ ትእዛዝ ላይ ይግባኝ ለማለት ከመቱ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አልጋና ምግብ ከፍሎ፣ ባዶ እጁን የሚመለስ ሰው ያሳዝናል። በፍርድ ላይ ይግባኝ የሚባለው ግን ፍርዱ በተሰጠ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ቀኑ የሚቆጠረው ባለጉዳዩ ግልባጩን በመንደር አስነብቦ ከተረዳበት ቀን ጀምሮ አይደለም። ጊዜው ያለፈበት ሰው በቂ ምክንያት ካለው እንዲፈቀድለት ማመልከት አለበት፤ «ማንበብ አላወቅሁም» የሚለው ምክንያት ተቀባይነቱ የጠበበ ነው።

ፍርዱ ከጸና በኋላም ወረቀት አያልቅም። የፍርድ ባለመብት የአፈጻጸም ማመልከቻ ያቀርባል፤ ለዚህም 10 ዓመት ጊዜ አለው። ንብረት ሲያዝ ግን የፍርድ ባለዕዳው ልብስና መኝታ፣ የሙያው መሣሪያ፣ ለራሱና ለቤተሰቡ ለሦስት ወር የሚበቃ ምግብ አይያዝም። ቁጥር 404ን ለኦቦ ስናነብላቸው መጀመሪያ የጠየቁት ስለ በሬዎቹ ነው። ለገበሬ ከበሬ የሚበልጥ መሣሪያ ምን አለ? እኛ ዳኛ ብንሆን ብለን በዚያች ሌሊት ተከራከርን፤ ነገር ግን እዚያ ለመድረስ ገና ብዙ መንገድ ነበር።

በማግሥቱ ቀብድ የተቀበሉባትን ወረቀት፣ በሚያዝያ ወር የታከሙበትን የጤና ጣቢያ ካርድ፣ ሣጥን ውስጥ የነበረውንም መጥሪያ አሰባሰብን። የበሬው ገዢ ሽያጩ እንዲቆይ ሲጠየቅ ተቆጣ፤ በመጨረሻው ግን እሺ አለ። ኦቦ በጥቅምት 19 መቱ ወርደው ችሎት ቀረቡ። እኛ ወደ ትምህርታችን ተመልሰን ስለ ነበር ነገሩን የሰማነው በስልክ ነው። ዳኛው ካርዱን አየ፤ መልሳቸውን በጽሑፍ እንዲያቀርቡ ፈቀደ። ኦቦም ቀብዱን ተቀብያለሁ፤ ማሩ የጠፋው በዝናቡ ነው፤ ገንዘቡን በሁለት መኸር ልመልስ ብለው መለሱ። ጋምቤላ ያለውን ነጋዴ የሚያውቁ የጎሬ ሰዎች ስለ ነበሩ ሁለቱ ወገኖች በሽማግሌ ለመነጋገር ፈቃደኞች ሆኑ። ይኸም በሕጉ ያለ መንገድ ነው፤ ጃርሱማ ላይ ተቀምጠው የተስማሙት ነገር ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ በመዝገቡ ላይ ሲመዘገብ እንደ ፍርድ ይፈጸማል።

ይኸ ጽሑፍ በሚጻፍበት ጊዜ በእጃችን ያለው የመጨረሻው ትእዛዝ «የዕርቁን ውጤት ለመጠባበቅ ለታኅሣሥ 7 ተቀጥሯል» ይላል። ኦቦ ወረቀቱን በሣጥን ውስጥ አላኖሩትም። ልጃቸው ቀኑን በከሰል በቤቱ ምሰሶ ላይ ጽፎታል፤ ከቀኑ አጠገብም «ለዕርቅ» የሚል ቃል ጨምሮበታል።